ደመወዝ ዋጋ ነው፣ ጡረታ ዕዳ ነው

በሰፈራችን ሦስት አዛውንት ወታደሮች አሉ። አንደኛው በአየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን የነበሩ ናቸው። ሁለተኛው በምድር ጦር የእግረኛ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ሦስተኛው በ1969 ዓ.ም. የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ሞፈርና ቀንበራቸውን ጥለው የዘመቱ ሚሊሺያ ናቸው። ወር በገባ ቁጥር ሦስቱ ተያይዘው ጡረታ ወደሚከፈልበት ቦታ ይሄዳሉ። ሁለቱ ይቀበላሉ፤ ሦስተኛው የሚቀበሉት ነገር የለም። «ታዲያ አባባ፣ እርስዎ ምን ይሠራሉ እዚያ?» ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «መንገዱን ለምጄው ነው ልጄ፤ ደግሞም ሲመለሱ ሻይ ይጋብዙኛል» አሉኝ።

አንድ ቀን ያችን ሻይ አብሬያቸው እየጠጣሁ ሳለ ጠብ ተነሣ። ሃምሳ አለቃው ብራቸውን ቆጥረው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ወደ ቴክኒሺያኑ ዞረው፣ «እኔ ምሽግ ውስጥ ከአይጥ ጋር ስተኛ አንተ አልጋ ላይ ነበርክ። ዛሬ ጡረታህ የኔን እጥፍ ሆነ። ይኼ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?» አሉ። ቴክኒሺያኑም ቱግ ብለው፣ «እኔ አንዲት ብሎን ሳላጠብቅ ባልፍ አብራሪው ይሞታል። አብራሪው ከሞተ ደግሞ ምሽግህን ከላይ ማን ይጠብቅልህ ነበር? ሰባት ሌሊት ሳልተኛ ሞተር የፈታሁበት ጊዜ አለ!» ብለው መለሱ። ሁለቱ ሲጯጯሁ ሚሊሺያው ሻያቸውን እያማሰሉ ቆዩና፣ «እናንተስ ስለ ማነሱ ትጣላላችሁ፤ የተቀመጣችሁት ግን ከማን ጋር እንደሆነ እስቲ እዩ» አሉ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

እነሆ ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያች የሻይ ጠረጴዛ ነው። በዚያ ሰዓት ሦስቱም ያሉት እውነት መሰለኝ፤ ዛሬም እውነት ይመስለኛል። ሦስት እውነቶች ተጋጭተው ሲቆሙ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ ለአንድ አገር፣ በአንድ ባንዲራ ሥር፣ በተለያየ የጦር ክፍል ያገለገሉ ሰዎች ደመወዛቸውና ጡረታቸው ሊለያይ ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ በምን ልክ? እስከ መቼስ?

አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የወታደር ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ምናችን ነው?» ይሉኝ ይሆናል። እስቲ ወደ ምግብ አዳራሻችን ልውሰዳችሁ። ሁላችንም ተሰልፈን ሳለ ወጥ ቀጂው ለሚያውቀው ልጅ ጭልፋውን ወደ ታች አጥልቆ ሥጋውን ሲያወጣለት፣ ለማያውቀው ደግሞ ከላይ ከላይ መረቁን ሲጨልፍለት ያላየ ማን ነው? ሆዳችን የሚቃጠለው ወጡ ስላነሰ አይደለም። ለሁላችንም ቢያንስ ኖሮ እየቀለድን እንበላው ነበር። የሚያቃጥለን «ለእሱ ለምን?» የሚለው ጥያቄ መልስ ስለሌለው ነው። የጦር ሠራዊት ጥያቄም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ እዚያ የተሰለፈው ሰው ጠመንጃ መያዙ ነው።

የጥንቱ አሪስጣጣሊስ ስለ ፍትሕ ሲያስተምር፣ እኩል የሆኑትን እኩል ያልሆኑትን እንዳለመተካከላቸው መጠን መያዝ እንደሚገባ ይናገራል። ዋሽንቶችን ለሰዎች ማካፈል ቢኖርብን የተሻለው ዋሽንት ለማን ይሰጥ? በዘር ለከበረው ነውን? በመልክ ለሚያምረው ነውን? አይደለም፤ አሳምሮ ለሚነፋው ነው። ምክንያቱም ዋሽንት የተሠራው ለመነፋት ነውና። ይህ ምሳሌ ቀላል ቢመስልም አንድ ትልቅ ነገር ይዟል፤ ይኸውም የማካፈያው ሚዛን ከሥራው ከራሱ መውጣት አለበት የሚል ነው። ታዲያ የወታደር ሥራ ምንድን ነው? ሚዛኑስ ከምኑ ይውጣ?

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። አየር ኃይሉ የሙያን ሚዛን ይዞ ይመጣል። አብራሪ ለመሆን ዓመታት ይፈጃል፤ ከሺህ ሰው መካከልም የሚችለው ጥቂቱ ነው። ባይከፈለው ወደ ንግድ አየር መንገድ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ አውሮፕላኑ መጋዘን ውስጥ የቆመ ብረት ሆኖ ይቀራል። እግረኛው የአደጋን ሚዛን ይዞ ይመጣል። ምሽግ የሚሰብረው፣ ፈንጂ የሚረግጠው፣ በጦርነት ማግስት ሬሳው በብዛት የሚቆጠረው እሱ ነው። ባሕረኛው የኑሮን ሚዛን ይዞ ይመጣል፤ ወራት ከልጆቹ ተለይቶ በምጽዋ ሙቀት ሲቀቀል ኖሯልና። መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ የመገናኛው ባለ ሬዲዮ ሁሉም የየራሱን ሚዛን ተሸክሞ ይመጣል። በሐሰት የመጣ የለም። ነገር ግን ሁሉም የሚመርጠው እሱን ከፍ የሚያደርገውን ሚዛን ነው።

ከእነዚህ ከሚነገሩት ሚዛኖች በስተጀርባ ግን አንድ የማይነገር ሚዛን አለ። እሱም ለዙፋን የመቅረብ ሚዛን ነው። ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ ወደ ሮማ መሄድ ይበጃል፤ ነገሩ እዚያ ገና በጠዋቱ ፍንትው ብሎ ታይቷልና።

አውግስጦስ ቄሣር የሮማን ሠራዊት ሲያደራጅ ሁለት ዓይነት ወታደር ነበረው። አንደኛው በየጠረፉ ተበትኖ የሚዋጋው የሌጊዮን ጦር ነው። ሁለተኛው ንጉሠ ነገሥቱን የሚጠብቀው የፕሪቶሪያን ዘብ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ5 ዓመት በተወሰነው መሠረት የዘቡ ወታደር 16 ዓመት አገልግሎ 20,000 ሴስተርስ ተቀብሎ ይሰናበታል። የጠረፉ ወታደር ግን 20 ዓመት አገልግሎ የሚያገኘው 12,000 ነው። ልብ በሉ፦ ብዙ የሚያገለግለው ጥቂት ያገኛል፤ ጥቂት የሚያገለግለው ብዙ ያገኛል። በቀጣዩ ዓመት አውግስጦስ ለዚሁ ክፍያ የሚሆን ልዩ ግምጃ ቤት አቋቋመ፤ በውርስ ላይ 5 በመቶ፣ በሐራጅ ሽያጭ ላይ 1 በመቶ ቀረጥም ጣለ። ዛሬ የጡረታ ፈንድ የምንለው ነገር የጥንት አያቱ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ሲወለድም ማበላለጥን ይዞ ተወለደ።

በ14 ዓመት አውግስጦስ ሲሞት በፓኖኒያ የሰፈሩት ሦስት ሌጊዮኖች አመፁ። የታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደሚነግረን፣ ፐርኬኒየስ የሚባል አንድ ተራ ወታደር በጓደኞቹ ፊት ቆሞ የቁጭታቸውን ዝርዝር አቀረበ። የቀን ዋጋችን 10 አስ ብቻ ነው፤ ከእሷ ላይ ልብሳችንን፣ መሣሪያችንን፣ ድንኳናችንን እንገዛለን፤ 30 እና 40 ዓመት ያገለገሉ አሉ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚሰጠን መሬት ረግረግ ወይም ድንጋያማ ተራራ ነው። የከተማው ዘብ ግን በቀን 2 ዲናር እየተቀበለ ከ16 ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ይገባል። ከእኛ የበለጠ አደጋ ያየው መቼ ነው? እኛ ከድንኳናችን ሆነን የምናየው ጠላትን ነው። የንግግሩ መንፈስ ይህን የመሰለ ነበር።

መልሱ ምን ሆነ? የአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ልጅ ድሩሰስ ተላከ። ማን አጅቦት? ከፕሪቶሪያን ዘብ የተመረጠ ኃይል! በዚያ ሌሊት ጨረቃ ጠቆረች፤ ወታደሮቹ የሰማይ ቁጣ መስሏቸው ልባቸው ከዳ፤ ፐርኬኒየስና መሰሎቹም ተገደሉ። ጥያቄው ግን አልሞተም። እንዲያውም ያ የተሞላቀቀው ዘብ ውሎ አድሮ ምን እንዳደረገ ታሪክ ይመሰክራል፤ በ193 ዓመት የሮማን ዙፋን ራሱን ለጨረታ አቅርቦ ዲዲየስ ዩሊያኑስ ለተባለ ባለጸጋ ሸጠው። ለመቅረብ የተከፈለው ሰው የመቅረቡን ዋጋ በጣም አወቀና ሻጭ ሆነ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለምና።

በቀድሞው ሥርዓት ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ ገባርም ይመደብለት ነበር። የገባሩ ብዛት በማዕረግ ይለያይ ስለነበረ የወታደሩ ድርሻ ሌላው ድሃ ትከሻ ላይ ያርፍ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ዘመናዊ ጦር ሲቋቋም ደመወዝ በብር ሆነ፤ ጡረታም በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 ተደነገገ። መሬቱና ገባሩ በአኃዝ ተተኩ ማለት ነው። የማበላለጡ ልማድ ግን አብሮ ተሻገረ።

ክቡር ዘበኛ በሥልጠናው፣ በመሣሪያው፣ በአለባበሱና በአያያዙ ከተራው ምድር ጦር ተመርጦ የተያዘ ነበር። ነገር ግን ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡ ናቸው። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከ120 በላይ ሰው በዚያ ሩቅ አገር አጥተዋል፤ አንድም ምርኮኛ አላስያዙም። ስለዚህ «የሰልፍ ወታደር ነበሩ» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ጥያቄው የእነሱ ጀግንነት አይደለም። ጥያቄው የተለየው አያያዝ የተሰጣቸው ለጀግንነታቸው ነው ወይስ ለቤተ መንግሥቱ በር ስለሚቀርቡ የሚለው ነው።

መልሱን ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሰጠን። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ዙፋኑን ለመገልበጥ የተነሣው ከሁሉ በላይ የተመረጠው ክቡር ዘበኛ ነበር። ሙከራውን ያከሸፉት ምድር ጦሩና አየር ኃይሉ ናቸው። ታዲያ ምን ሆነ? ገና ዓመቱ ሳይወጣ የምድር ጦር ወታደሮች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ተነሡ፤ ተጨመረላቸውም። ይህን ነገር ረጋ ብለን እናስበው። ያ ጭማሪ ከዚያ በፊት ይገባቸው ከነበረ ለምን አልተሰጣቸውም? ካልገባቸው ደግሞ ያን ጊዜ ለምን ተሰጣቸው? በሥራቸው ላይ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው የመፈራታቸው መጠን ነው። ስለዚህ ከመቅረብ ሚዛን ቀጥሎ ሌላ ሚዛን ተወለደ፤ የመፈራት ሚዛን።

ከዚያ የ1966ቱ ዓመት መጣ። ጥር 4 ቀን በነገሌ ቦረና የ4ኛው ብርጌድ ወታደሮች አዛዦቻቸውን አሠሩ። ቁጭታቸው የምግቡ መበላሸትና የውሃው ነገር ነበር። የወታደሩ የውሃ ጉድጓድ ፓምፕ ሲበላሽ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ነገሩን እንዲያበርድ የተላከውን የምድር ጦር አዛዥ ጀነራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን ምግብ አበሉት፤ የሚጠጡትንም ውሃ አጠጡት። በየካቲት የደብረ ዘይት አየር ኃይል ባለ ሌላ ማዕረግተኞች ተነሡ። የካቲት 18 ቀን ደግሞ በአሥመራ 2ኛው ክፍለ ጦር ከተማዋን ያዘ። ደመወዝ ተጨመረ፤ እንደገናም ተጨመረ። የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ሥልጣን ለቀቀ። በሰኔ የተቋቋመው ኮሚቴም ስሙ የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስ ሠራዊትና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ ነበር። ስሙ ራሱ የክፍሎች ዝርዝር ነው! «እኔስ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድም ክፍል እንዳይቀር ሁሉም በስሙ ተጠራ።

ስለ ነገሌው ጀነራል ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያወራው ለሣቅ ነው። እኔ ግን በዚያ ሳህን ላይ አንድ የፍልስፍና ትምህርት የቀረበ ይመስለኛል። ወታደሮቹ ጀነራሉን አልገደሉትም፤ ብላ አሉት። ይኸውም «ይህ ምግብ ይበቃችኋል ብለሃል፤ እንግዲያው ቃልህን በአፍህ ቅመሰው» ማለታቸው ነው። ከዚህ አንድ መፈተኛ ማውጣት እንችላለን። አንድ የክፍያ ልዩነት ፍትሐዊ የሚሆነው ምክንያቱ ያነሰ ለሚከፈለው ሰው፣ እሱ ባለበት ቦታ፣ ዓይኑን እያዩ ሊነገረው የሚችል ሲሆን ነው። ሰውየው ላይደሰት ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱን ሰምቶ፣ «እኔም በቦታህ ብሆን እንዲሁ እወስን ነበር» ለማለት የሚችልበት መንገድ መኖር አለበት።

እስቲ በዚህ መፈተኛ አንዳንዱን እንለካው። ለእግረኛው፣ «አብራሪው በሚበርበት ወር የበረራ አበል ይከፈለዋል፤ ባይከፈለው ጥሎን ይሄዳል፤ ከሄደ የምትሞተው አንተ ነህ» ብንለው ያጉረመርም ይሆናል፤ ግን ይገባዋል። «አንተ ደግሞ ግንባር ባለህበት ወር የግንባር አበል አለህ» ካልነው ይበልጥ ይገባዋል። በረሃ ላለው የበረሃ አበል መስጠትም ለማንም ፊት ሊነገር ይችላል። አሁን ደግሞ፣ «የእገሌ ክፍል ከአንተ የተሻለ የሚከፈለው የቤተ መንግሥቱን በር ስለሚጠብቅና ስለምንፈራው ነው» ብለን እንንገረው። ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል? የማይነገር ምክንያት ደግሞ ምክንያት አይደለም።

ሌላ ምሳሌ ልስጥ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ለሲቪሉ ሠራተኛ ከመንግሥት 11 በመቶ፣ ለወታደሩና ለፖሊሱ 25 በመቶ መዋጮ እንዲገባ ደንግጎ ነበር፤ ሁለቱም ከራሳቸው ደመወዝ የሚያዋጡት 7 በመቶ ነው። መምህሩ ወይም ነርሷ «ለምን?» ቢሉ መልስ አለ። ወታደር በጡረታ የሚገለለው ቀደም ብሎ ነው፤ አካሉ ቶሎ ያልቃል፤ አልፈልግም ብሎ ሥራውን መልቀቅ አይችልም፤ አድማ መምታት አይፈቀድለትም፤ የገባበት ውል የሚጠይቀው ነገር ወሰን የለውም፣ ሞትንም ይጨምራል። ይህ ፊት ለፊት ሊነገር የሚችል ልዩነት ነው። እንግዲህ እኔ ልዩነትን ሁሉ የምጠላ እንዳይመስላችሁ።

ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እስካሁን ደመወዝና ጡረታን አንድ ላይ ስጠቅስ ቆይቻለሁ። ሰዎችም አንድ አድርገው ያዩአቸዋል፤ ጡረታ የደመወዝ ጭራ ይመስላቸዋል። የእኔ እምነት ግን ሁለቱ በጠባያቸው የተለያዩ ናቸው የሚል ነው። ደመወዝ ዋጋ ነው። ለሚሠራ ሥራ፣ በሚሠራበት ጊዜ፣ እንዲሠራ ለማድረግ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ብርቅ የሆነው ሙያ ቢወደድ፣ አደገኛው ቦታ ቢጨመርለት፣ የሚሸሸው ጠረፍ ቢደጎም ያስኬዳል። ዋጋ የነገን ያያል። ጡረታ ግን ዕዳ ነው። ወደ ኋላ ያያል። ሰውየው ከእንግዲህ አይበርም፣ አይተኩስም፣ ጥሎን ወዴትም አይሄድም። ጥሎን እንዳይሄድ ብለን የጨመርንለት ምክንያት መለዮውን ባወለቀ ቀን አብሮ አልቋል። የቀረው የሰጠን ዕድሜ ብቻ ነው። ዕድሜ ደግሞ የክፍል መለያ የለውም፤ ከአየር ኃይሉ ወጣትነት የተቆረጠ 20 ዓመትና ከእግረኛው ወጣትነት የተቆረጠ 20 ዓመት እኩል 20 ዓመት ነው።

አሠራሩ ግን ምን ያደርጋል? ጡረታን የመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታት አማካይ ደመወዝ መቶኛ አድርጎ ይቆርጣል። እስቲ በምሳሌ እናስላው። ሁለት ሰዎች እኩል ዓመት አገልግለው ሁለቱም የደመወዛቸው 50 በመቶ ደረሳቸው እንበል። መቶኛው አንድ ነው፤ በወረቀት ላይ ፍትሕ ይመስላል። የአንዱ ደመወዝ 6,000 የሌላው 3,000 ከነበረ ግን አንዱ 3,000 ሌላው 1,500 ይዞ ወደ አንድ ገበያ ይወጣል። ጤፉ ለሁለቱም በአንድ ዋጋ ነው። መድኃኒቱም እንዲሁ። በሥራ ዘመን ምክንያት የነበረው ልዩነት ምክንያቱ ከሞተ በኋላም እስከ መቃብር ይከተላቸዋል፤ ከመቃብር አልፎም ሚስትና ልጅ ላይ ይደርሳል። የቴክኒሺያኑ መበለትና የሃምሳ አለቃው መበለት በየትኛው ብሎን ወይም በየትኛው ምሽግ ተለያዩ?

ከዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። ባለ ሙያው ሙያውን ይዞ ይወጣል። በሰፈራችን ያሉት ቴክኒሺያን ከአየር ኃይል ከወጡ በኋላ ጋራዥ ከፍተው ልጆች አሳድገዋል፤ ዛሬም ሞተር ሲታመም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ሃምሳ አለቃው ግን የሚያውቁት ሙያ መትረየስ መፍታትና መግጠም፣ ምሽግ መቆፈር፣ ሌሊት ድምፅ ሳያሰሙ መራመድ ነበር። ይህን ሙያ የሚገዛ ገበያ የለም። ቢበዛ የመጋዘን ዘበኛ አደረጋቸው። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ ጡረታ የሚያስፈልገው ሰው ከሁሉ ያነሰውን ያገኛል ማለት ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የቀድሞው ጦር ሲበተን ከ400 ሺ በላይ ሰው ወደየመንደሩ ሲመለስ፣ ብዙው እንዲህ ያለ ገበያ የሌለው ሙያ የተሸከመ ነበር። የባሕር ኃይሉ ሰው ደግሞ ይባስ ብሎ ባሕሩ ራሱ ከአገሩ ካርታ ላይ ወጣበት።

ሚሊሺያውስ? እሳቸው እኮ በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ የሉም። የደመወዝ መዝገብ ላይ ስማቸው አልሰፈረም፤ መቶኛ የሚወጣበት ቁጥር የላቸውም፤ የዜሮ 50 በመቶ ዜሮ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በሐረርጌ ሜዳ ላይ ግን ጥይቱ መደበኛና ሚሊሺያ ብሎ አልለየም። በ1975 ዓ.ም. በታወጀው ብሔራዊ ውትድርና የተወሰዱት ወጣቶችም ከእሳቸው ብዙ አይርቁም። ስለ ክፍሎች ፍትሕ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንረሳው ይህን ነው፤ ሙግቱ መዝገብ ላይ ባሉት መካከል ይካሄዳል፣ መዝገቡ ራሱ ማንን እንዳስቀረ የሚጠይቅ የለም።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ አንብቤው ሳልጨርስ ግማሹ ተነሥቶብኛል።

አንደኛው ጓደኛዬ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ነው። «ጡረታውም የማባበያው ክፍል ነው፤ አብራሪው የሚቀጠረው ጡረታውን አስልቶ ነው፤ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ?» አለኝ። ነጥቡ ጠንካራ ነው። መልሴ ግን ይህ ነው፦ እሱን ለማባበል የሚያስፈልገው ብር በደመወዙና በአበሉ ውስጥ ይግባ፤ ከዚያ ላይ ቆጥቦ ለእርጅናው ያስቀምጥ። ቃል የተገባለትም ካለ ቃሉ ይጠበቅለት፤ ከማንም ላይ ቀንሱ አላልኩም። የምለው የዕዳው ወለል ለሁሉም አንድ ይሁን ነው። ከወለሉ በላይ የሚሠራ ካለ ይሥራ፤ ማንም ግን ከወለሉ በታች አይውደቅ።

ሁለተኛዋ የሕግ ተማሪ ናት። «ሁሉን እኩል ካደረግህ ማዕረግ ምን ትርጉም ይኖረዋል? ማንስ ይተጋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ማዕረግ የድካም ፍሬ ነውና ሊታይ ይገባል። እኔ የምከራከረው በማዕረግ ላይ ሳይሆን በክፍል ላይ ነው። ሃምሳ አለቃ ከመቶ አለቃ ቢያንስ ምክንያቱ ይነገራል። ሁለት እኩል ማዕረግ ያላቸው ሰዎች በኮታቸው ቀለም ምክንያት በእርጅናቸው እጥፍ ለእጥፍ ሲለያዩ ግን ምክንያቱን እንዲነግረኝ የምፈልገው ሰው ይመጣና እፊታቸው ቆሞ ይንገራቸው። የአካል ጉዳት ካሣም እንዲሁ ነው፤ ምሽግ ውስጥ የተቆረጠ እግርና ሃንጋር ውስጥ የተቆረጠ እግር ሁለቱም እግር ናቸው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ከሁሉ የከበደኝ ነው። «ድሃ አገር ነን፤ ከየት መጥቶ?» የሚል ነው። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ነገር ግን በ1953ም ሆነ በ1966 ግምጃ ቤቱ ያው ግምጃ ቤት ነበር፤ ጠመንጃው ሲዞርበት ግን ብሩ ተገኘ። ስለዚህ «የለም» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ስለ ሣጥኑ የሚናገር አይደለም፤ አንዳንዴ ስለ ጠያቂው ድካም ይናገራል። ጡረተኛ አያምፅም። ጠመንጃውን አስረክቧል። አሥመራን አይዝም፣ ጀነራል አያግትም፣ ቢበዛ ሻይ ቤት ተቀምጦ ከጓደኛው ጋር ይጣላል። መበለቲቱማ እሱንም አታደርግም። እንግዲህ የአንድ አገር ፍትሕ የሚፈተነው በእነዚህ ሰዎች ላይ ይመስለኛል። ለሚያስፈራው የሚከፈለው ግብር ነው፤ ለማያስፈራው የሚከፈለው ግን ፍትሕ ነው።

ወዳጆቼ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከእኛ መካከል አንዳንዱ በአንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የደመወዝ ስኬል ያወጣል፤ አንዱ የአዋጅ ረቂቅ ይጽፋል፤ አንዷ የጡረታ ፋይል ታገላብጣለች። በዚያን ጊዜ ፊታችን የሚቀርበው ሰው አይሆንም፤ ቁጥር ነው የሚሆነው። ቁጥር ደግሞ አያጉረመርምም። ሁለት ዓምድ አስምረን፣ ከላይ የክፍሉን ስም ጽፈን፣ ከታች መቶኛውን ሞልተን ወደ ቤታችን መግባት ቀላል ነው። ከመፈረማችን በፊት ግን አንድ ነገር ብናደርግ እመኛለሁ፤ የምንፈርመውን ልዩነት ይዘን ያነሰው ሰው እፊታችን እንደተቀመጠ አድርገን ጮክ ብለን እናንብበው። አፋችን ከተሳሰረ ወረቀቱ ይመለስ።

ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ ሦስቱን አዛውንት እንደገና አገኘኋቸው። ጠቡ በርዷል። ሃምሳ አለቃው ለቴክኒሺያኑ የጤፍ ዋጋ ስንት እንደገባ እየነገሯቸው ነበር። የሻዩን ሂሳብ ሁለቱ በየተራ ይከፍላሉ፤ ሚሊሺያውን አያስከፍሏቸውም። እኔም እንደ ተማሪነቴ ለመክፈል ኪሴን ብዳብስ፣ ሃምሳ አለቃው እጄን ያዙና፣ «ተው ልጄ፣ ይኼ የእኛ ነው» አሉኝ። የሚሊሺያውን ድርሻ ሁለቱ ከጡረታቸው እየቆረጡ ሲከፍሉ ኖረዋል ማለት ነው። አዋጅ አላወጡም፤ መቶኛም አላሰሉ። ያ ዕዳ ግን የሁለቱ ብቻ አልነበረም።